ከግድግዳውና ከጉቶው መካከል

አባቴን ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ሚሊ» ይለዋል። መስታወት ቆራጭ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት የሰው መስኮት ሲለካ ኖሮ፣ ሌላው ሰው በክንድና በስንዝር የሚናገረውን ሁሉ እሱ በሚሊ ሜትር ስለሚናገር ስሙ በዚያው ቀረ። እኔም ተማሪ ሳለሁ «የሚሊ ልጅ» ነበርኩ። በዚህ ስም ምክንያት ሁለት ልጆች ደብድቤያለሁ፤ አንደኛው አሁን ባሌ ነው።

ስለ አባቴ መታወቅ ያለበት ሌላው ነገር፣ ገንዘብ ማውጣት እንደ ጥርስ መነቀል የሚያመው መሆኑ ነው። ስስታም ግን አይደለም፤ ስስታም የሚለው ሰው ካለ ከእኔ ጋር ይጣላል። ለተቸገረ ሰው የለበሰውን ኮት አውልቆ ሲሰጥ በዓይኔ አይቻለሁ። የሚያመው፣ እሱ በገዛ እጁ ሊሠራው የሚችለውን ሥራ ሌላ ሰው ዋጋ ሲጠራበት ነው። ጫማውን ራሱ ይሰፋል። ፀጉሩን ራሱ ይቆርጣል፤ ማጅራቱን ብቻ እናቴ ታስተካክልለታለች። የተሰበረ መስታወት ጥሎ አያውቅም። የቤታችን መታጠቢያ ክፍል መስኮት ከአሥራ አንድ ዓይነት ስብርባሪ የተገጣጠመ ነው፤ ልጅ ሳለሁ እንግዳ በመጣ ቁጥር አፍርበት ነበር። ጠዋት ፀሐይ ስትገባበት ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ያምራል።

እናቴ የእሱ ተቃራኒ ናት። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የስልክ ኦፕሬተር ስለነበረች የከተማውን ሰው ግማሹን በድምፁ ታውቀዋለች። ጡረታ ከወጣች በኋላ ደግሞ፣ ድምፁን የምታውቀውን ሰው ሁሉ ፊቱን ካላየሁ ያለች ይመስል ቤት አልቀመጥ አለች። «መጣሁ» ብላ ከወጣች ለምሳ መድረሷን እንኳ የሚተማመን ሰው አልነበረም። ስትመለስ ማን ማንን እንዳገባ፣ ማን እንደታመመ፣ የማን ልጅ ፈተና እንደወደቀ ለአባቴ ስትተርክለት ያመሻሉ። አባቴ ወሬ አይወድም፤ እሷ ስታወራ መስማት ግን ይወዳል።

ባለፈው ዓመት ብቻዋን መንገድ ላይ እየሄደች ሳለ ስትሮክ መታት። አንድ የማናውቀው ሰው ስልኳን ከቦርሳዋ አውጥቶ አባቴ ጋ ደወለ። ነፍሷ ተረፈች፤ ግራ እጇና ግራ እግሯ ግን አልታዘዝ አሏት። ከሆስፒታል ስትወጣ እኔ ቤት አመጣኋት፤ ቤቴ ደረጃ የለውም፣ ኮሪደሩም ሰፊ ነው። እዚያ ሆና ዊልቸር መንዳት ተማረች። በቀኝ እጇ ጎማውን ትገፋለች፣ በቀኝ እግሯ መሬቱን እየቧጠጠች አቅጣጫ ታስይዘዋለች። መጀመሪያ ሰሞን ከሶፋው ጋር ስትጋጭ፣ ከፍሪጁ ጋር ስትጋጭ ከረመች። በአራተኛው ወር በኮሪደሩ እየከነፈች ልጆቼን «ገለል በሉ፣ ፍሬን የለኝም!» ትላቸው ጀመር።

ሐኪሟ ቤቷ ልትገባ ትችላለች ባለ ዕለት ሁላችንንም ሰበሰበችን።

«አንድ ነገር ልንገራችሁ» አለች። «ከዚያ በር የወጣሁት በራሴ ነው። የምገባውም በራሴ ነው። ማንም እንዳይገፋኝ። እንደ ቁም ሣጥን ተሸክማችሁ የምታስገቡኝ ከሆነ እዚሁ ተዉኝ።»

«እሺ፣ የኔ እመቤት» አለ አባቴ። እኔ ግን ወዲያው ዓይኔ ላይ የመጣው ጉቶው ነው።

የወላጆቼ ግቢ ጠባብና ረዘም ያለ ነው። ከውጭው በር እስከ ቤቱ ቁልቁል የሚወርድ አንድ መተላለፊያ ብቻ አለው፤ በግራ የጎረቤት ግንብ፣ በቀኝ የማዕድ ቤቱ ግድግዳ። ማዕድ ቤቱን ተጠግቶ አንድ ያረጀ ወይራ ቆሞ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ደረቀና፣ የጎረቤት ጣሪያ ላይ ሳይወድቅ ተብሎ እንጨት ቆራጭ ተጠራ። ቆራጩ «ከመሬት አስጠግቼ የምቆርጠው ከሆነ ዋጋው ሌላ ነው» ሲል አባቴ «እንግዲያው ከፍ አድርገህ ቁረጠው» አለው። በዚህ ቁጠባ የተነሳ ጭን የሚደርስ ወፍራም ጉቶ መንገዳችንን ዘግቶ ቀረ። ሥሩም ሊሾውን ሰንጥቆ አንስቶታል። ጤነኛ ሰው ጎኑን አዙሮ ሹልክ ይላል። ዊልቸር ግን ጎኑን አያዞርም።

ጉቶ የሚፈጭ ማሽን ያለው ሰው ፈልጌ ይዤ መጣሁ። ሰውዬው ጉቶውን በጫማው መታ መታ አደረገ፣ በሩን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። ማሽኑ በበሩ አይገባም፤ ከበሩ ምሰሶዎች አንዱ መፍረስ አለበት። ማፍረሻው ለብቻ፣ ማሽኑ ለብቻ፣ ፍርፋሪውን ማውጫው ለብቻ። ጠቅላላ ዋጋውን ሲነግረን አባቴ ሳቁን ለቀቀው።

«በዚህ ገንዘብ እኮ ጉቶ ሳይሆን ጫካ አስነቅላለሁ!»

«እኔ እከፍላለሁ፣ አባዬ።»

«ያንቺ ገንዘብ ከሰማይ ነው የሚወርደው?»

«ታዲያ እማዬ በየት ትግባ? በጣሪያ?»

«ገና ሦስት ሳምንት አለን። ቀስ በቀስ እንቁላልም በእግሩ ይሄዳል።»

«እንቁላሉ እስኪሄድ እናቴ እኔ ቤት ታረጃለች!» ብዬ በሩን በኃይል ዘግቼ ወጣሁ። ቁጣዬን የወረስኩት ከእናቴ ነው፤ ሁለት መንገድ ካቋረጥኩ በኋላ ይበርድልኛል። ያን ቀን ግን አራት አቋርጬም አልበረደልኝ።

ጉቶውን በነፃ የሚወስድ ሰው አልታጣም ነበር። ከመንገዱ ማዶ ያለው ባለ ሥጋ ቤት «ለመክተፊያ እንደ ወይራ ጉቶ ያለ የለም» እያለ ዓይኑን ከጣለበት ቆይቷል። ከሠራተኞቹ ጋር ራሱ ቆፍሮ ሊያወጣው፣ ጉድጓዱንም ሊደፍን ፈቃደኛ ነበር። ችግሩ ሱቁን እዚያው ማዶ ወዳለ ሌላ ቤት እያዛወረ ስለሆነ የሚመቸው እናቴ ከምትገባበት እሑድ ሁለት ሳምንት በኋላ መሆኑ ነው። «ብቻ እስከዚያ እንዳይነኩት፣ ጋሽ ሚሊ። ድፍኑን ነው የምፈልገው» አለ። አባቴ መጠበቅ አልቻለም።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ እናቴ እኔ ቤት ጋደም ብላ ሳለ፣ አባቴ ሜትሮውን ይዞ መጣ። ዊልቸሩን ከአልጋዋ አጠገብ ቀስ ብሎ ስቦ አወጣና ኮሪደሩ ላይ ለካው። የሜትሮውን ጫፍ የያዝኩለት እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ለካ። ከዚያ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ መዳፉ ላይ ጻፈ።

«ጉቶውን በሙሉ ማንሳት አያስፈልግም» አለኝ በሹክሹክታ። «በመንገዱ በኩል ያለውን ጎኑን አንድ ስንዝር ብገምጠው ዊልቸሩ ያልፋል።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ልጄ፣ መስታወት ልክ በፍሬሙ መጠን አይቆረጥም። ሦስት ሚሊ ይቀነስለታል፤ መተንፈሻ ነው። ለእናትሽ ደግሞ ክብር ይገባታል ብዬ በየጎኑ ሃያ ሃያ ሚሊ ትቼላታለሁ።»

አባቴን ለማያውቅ ሰው ሃያ ሚሊ ምንም ላይመስለው ይችላል። እኔ ግን እንዲህ ያለ ልግስና ከአፉ ሲወጣ ሰምቼ ስለማላውቅ አመንኩት።

በማግስቱ ሥራ ጀመረ። የምሠራው መድኃኒት ቤት ቅርብ ስለሆነ ምሳ ሰዓት ላይ ምግብ ይዤለት እሄድ ነበር። መጀመሪያ በጉቶው ዙሪያ ያለውን ሊሾ በመዶሻ ፈልፍሎ አነሳ። አፈሩን ዛቀ። ከዚያ የልብስ ማጠቢያ ውሃ እያጠራቀመ የጉቶውን ሥር ማጠብ ያዘ።

«ምነው፣ ሊዳር ነው እንዴ?» አልኩት።

«አፈርና ጠጠር የመጋዝ ጥርስ ይበላል። መጋዙን ከአናጺው ነው የተዋስኩት፤ ጥርሱን አርግፌ ብመልስለት ምን ይለኛል?»

ሠላሳ ስምንት ዓመት መስታወት የያዘ እጅ መምታት አያውቅም። መጥረቢያውን አንስቶ ሲሰነዝር ሳየው፣ የማያውቀውን ሰው በር በእንግድነት የሚያንኳኳ ነበር የሚመስለው። ወይራው ንቅንቅ አላለም። በሦስተኛው ቀን መላ አገኘ። ከግርጌው በመጋዝ ወደ ውስጥ ቆረጠለትና፣ ከላይ የብረት ሽብልቅ እየሰካ በመዶሻ እየመታ ፍልጥ በፍልጥ ያነሳው ጀመር። የወጣውን ፍልጥ አንዱንም ሳይጥል፣ አጭሩን ከአጭር ረጅሙን ከረጅም ለይቶ ግንቡ ሥር ደረደረው። መዳፉ ውሃ ቋጥሮ ነበር። ከመድኃኒት ቤት ቅባትና ፋሻ አመጣሁለት፤ ቅባቱን ተቀባ፣ ፋሻውን «ለሌላ ጊዜ ይሆናል» ብሎ ኪሱ ከተተው።

አንድ ቀን ምሳውን እየበላ ሳለ፣ ማንም ምንም ሳይጠይቀው እንዲህ አለኝ፦

«ያን ቀን ስልኩ ሲጠራ ስሟን አየሁ። ‹ደግሞ የት ሆነሽ ነው?› ብዬ አነሳሁት። ወንድ ነው የመለሰልኝ።»

ቀና ብዬ አየሁት።

«‹አባት፣ ይቺን ሴት ያውቋታል?› አለኝ። እሷ አስፋልት ዳር ወድቃ፣ ሰው ከቧት። ያውቋታል ይለኛል እኮ!»

ማንኪያውን አስቀመጠ። አባቴ ሳህን ላይ ምግብ ሲያስቀር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አንጀቴን በላው። ግን እኔም የእሱ ልጅ ነኝና የምለው ሲጠፋኝ ሳህኑን ይዤ ተነስቼ ማጠብ ጀመርኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት ላይ ጨረሰ። የገመጠውን ጎን ልብሷን እንዳይይዝባት ብሎ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ አለስልሶታል። በመንገዱ በኩል የነበረውን ሥር ቆርጦ አውጥቶ መሬቱን በሲሚንቶ አስተካክሏል። የቤቱን ደረጃም ሞልቶ ለጎማ የሚመች ተዳፋት ሠርቷል። አሸዋው ከጎረቤት የተረፈ፣ ጠጠሩ ራሱ ከሰበረው ሊሾ የወጣ ነው። ሜትሮውን ከግንቡ እስከ ጉቶው ዘረጋና አሳየኝ። ልክ ነበር። እሱ ሲለካ መቼ ተሳስቶ!

እሑድ ጠዋት እናቴን በባሌ መኪና ይዘናት መጣን። ጎረቤቶች በር ላይ ቆመው ነበር። አባቴ የሠርጉን ቀን ከረባት አድርጓል። ከመኪናው ወደ ዊልቸሩ ስናዛውራት ታገሰችን። ከተቀመጠች በኋላ ግን «በቃ፣ አሁን እጃችሁን አንሱ» አለች።

በሩን አለፈች። ቁልቁለቱን በእግሯ እየያዘች ቀስ ብላ ወረደች። ጉቶው አጠገብ ስትደርስ ቀኝ እጇ ጎማው ላይ ነበር። ገፋ ስታደርገው የጣቶቿ አንጓ ጉቶውን ፈገፈገው። «እህ!» ብላ እጇን ሰበሰበች። ሁለቱ አንጓዎቿ ተልጠው ደም ብቅ ብሎባቸዋል።

ዊልቸሩ ያልፋል። እጇ ግን አያልፍም። እኔና አባቴ የለካነው ባዶ ወንበር ነበር።

«እጇን» አለ አባቴ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። «እጇን አልለካሁትም።»

እኔ ሮጬ የዊልቸሩን መያዣ ልይዝ ስል «አትንኪኝ!» ብላ ጮኸች። ስልክ ቤት በነበረችበት ዘመን መስመሩን ያለ አግባብ የያዘ ሰው የምታባርርበት ድምፅ ነው። ባለሁበት ደረቅሁ። እሷ ጉቶውን አየችው፣ ግንቡን አየችው፣ መሬቱን አየችው። በእግሯ እየገፋች ሁለት ክንድ ያህል ወደ ኋላ ተመለሰች።

«ከፊቴ ዞር በል፣ አንተ ሰውዬ።»

አባቴ ዞር አለ። ጎማውን አንዴ በኃይል ገፋችውና እጇን ፈጥና ጭኗ ላይ ሰበሰበች። ዊልቸሩ ቁልቁል ተንደረደረ፣ ግንቡን ጨረፍ አደረገ፣ በጉቶው ጎን ሹልክ ብሎ ወጣ፣ ተዳፋቷን እያንገራገጨ ወጥቶ ቤት ገባ። ጎረቤቱ ሁሉ አጨበጨበ። እኔ አለቀስኩ። አባቴ ከረባቱን ፈታ፤ ያነቀው ይመስለኛል።

ሻይ ተጠጣ፣ ሳቅ ሆነ፣ እናቴ የልጆቼን ጩኸትና የእኔን ቁጣ እያስመሰለች እንግዳውን ስታስቅ ቆየች። ሰው ሁሉ ሄዶ ሦስታችን ስንቀር አባቴን አየችው።

«መቼስ ገብቻለሁ» አለች። «ቁልቁለት ነው፣ አንዴ ገፍቼ ለቀቅኩት። ሲወጣ ግን ዳገት ነው። ዳገት እጅ ከጎማው ሳይነሳ ነው የሚገፋው። መውጫዬስ?»

«ወዴት ልትወጪ?» አለ አባቴ።

ክፉ አስቦ እንዳልተናገረው አውቃለሁ። ነገሩ ከአፉ ያመለጠው ሻይ እየቀዳላት ነው። እናቴ ግን ፊቷ ሲለወጥ አየሁ።

«ወዴት?» አለች። «ወደ ውጭ ነዋ! ከልጄ ኮሪደር አንስታችሁ ያመጣችሁኝ እዚህ ክፍል ውስጥ ልታስቀምጡኝ ነው?»

ዊልቸሯን አዙራ ፊቷን ወደ መስኮቱ ሰጠች። የቀዳላትን ሻይ አልጠጣችውም። አባቴ ቴርሞሱን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ።

ተከትዬው ወጣሁ። ደሜ ፈልቶ ነበር። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል፤ ስለ ማሽኑ፣ ስለ በሩ ምሰሶ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለተገተረው ጉቶ ሁሉ ልዘረግፍለት ነው። አባቴ ጉቶው አጠገብ ቆሟል። ሜትሮው እጁ ላይ ነው፤ አልዘረጋውም።

«መግቢያዋን ብቻ ነው የለካሁት» አለኝ። «መውጫዋን አላሰብኩትም።» ራሱን ነቀነቀ። «ውሸቴን ነው። እንዳትወጣ ፈልጌ ነው መሰለኝ። ቤት ውስጥ ከሆነች ማንም ደውሎ ‹ያውቋታል?› አይለኝም።»

ያ ሁሉ ቁጣ የት እንደገባ አላውቅም።

«አባዬ» አልኩት፣ «እማዬን ቤት ዘግቶ የሚያስቀምጥ ሰው እስካሁን አልተወለደም።»

«አውቃለሁ» አለ። ፋሻውን ከኪሱ አውጥቶ አፍንጫውን ተናፈጠበት።

አባቴ በዕድሜው ሰው እርዳኝ ብሎ አያውቅም። በማግስቱ ማለዳ ግን ባለ ሥጋ ቤቱ አዲሱ ሱቅ በር ላይ ቆሞ ተገኘ። እኔም አብሬው ነበርኩ። ባለ ሥጋ ቤቱ ሊያይ መጣ፤ የተገመጠውን ጎን ሲያይ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጫነ።

«ጋሽ ሚሊ! ድፍኑን ነው ያልኩዎት እኮ!»

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ አባቴ። ይህንንም ሲል ሰምቼው አላውቅም።

ሰውዬው ጉቶውን ዞረው፣ ጎንበስ ብሎ ለስላሳውን ጎን ዳበሰው። ከዚያ ፊቱ ፈካ አለ። «ቆይ እስቲ። ይኼኛው ጎኑ ግድግዳ ላይ ልጥፍ ይላል። የድሮው መክተፊያዬ ክብ ስለሆነ ከኋላው አጥንት እየገባ ሲያማርረኝ ነው የኖረው።» ወዲያው ግን ተከዘ። «ሰው ግን የለኝም። ዕቃ ሳዛውር የማሳያዬ መስታወት ተሰንጥቆብኝ፣ ሠራተኞቼ መስታወት ፍለጋ ከተማውን እያሰሱ ነው።»

አባቴ ቀና አለ። «መስታወቱን እኔ ጠዋት ቆርጬ ከሰዓት እገጥምልሃለሁ። አንተ ሠራተኞችህን ስጠኝ።»

ተጨባበጡ። ልብ በሉ፣ እዚህም ላይ አባቴ ከኪሱ ቤሳ አላወጣም።

ሦስት ቀን ተቆፈረ። የሥጋ ቤቱ ሠራተኞች ሦስት ጎበዞች ናቸው፤ ዶማና ዲጂኖ ይዘው ጉድጓድ ውስጥ ሲገቡ መሬቱ ራሱ የሚሸሽ ይመስላል። ሥሩን ዙሪያውን ገልጠው አባቴ በመጋዝ እየቆረጠ ሄደ። እናቴ ከመስኮቱ ሆና «በግራ! በግራ በኩል ነው የያዘው! አልሰማ አላችሁኝ?» ስትል መንገድ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ይሰማታል። ባለ ሥጋ ቤቱ «እትዬ፣ እርስዎ ይምጡና ይንቀሉት» ሲላት «መንገድ ስጡኝና እመጣለሁ!» አለችው። በሦስተኛው ቀን ጉቶው ተንቋቋና ዘመመ። ገመድ አስገብተው፣ ጎረቤቱም ባሌም ተጨምረው ጎተቱት። በውሃ ቧንቧ ቁራጮች ላይ እያንከባለሉ መንገዱን ሲያሻግሩት ባለ ሥጋ ቤቱ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ!» እያለ ከፊት ከፊት ይሄድ ነበር። እሱ ግን ምንም አልያዘም።

ጉድጓዱ ተሞልቶ፣ ተደልድሎ፣ ሲሚንቶ ከመፍሰሱ በፊት አባቴ ወደ ቤት ገባ። የሚፈሰውን መንገድ ስፋት ሊወስን ሜትሮውን ይዟል። እናቴ ዊልቸሯ ላይ ተቀምጣለች። ከፊቷ በርከክ አለ።

«እስቲ ክንድሽን ዘርጊ» አላት።

ቀኝ ክንዷን ክርኗን ከፍታ ዘረጋች። «ይኼው።»

«ግራውንም።»

«ግራው አይዘረጋም፤ ታውቅ የለ እንዴ።»

አባቴ ግራ እጇን ከጭኗ ላይ አነሳው። እንደ ቀጭን መስታወት በሁለት እጁ ይዞ ወደ ጎን ዘረጋውና፣ እዚያው እንደያዘው ዓይኑን ወደ እኔ መለሰ። የሜትሮውን ጫፍ ከወዲያኛው ክርኗ ላይ እንድይዝለት ነው።

«አንድ ቀን ይዘረጋ ይሆናል» አላት። «ቦታ እንተውለት።»

እናቴ ሜትሮው እስኪጠቀለል ድረስ አየችው።

ሲሚንቶው እስኪደርቅ አራት ቀን ማንም እንዳይረግጥ ተባለ፤ አባቴ ጠዋትና ማታ ውሃ ያጠጣዋል። በአምስተኛው ቀን ጠዋት፣ እኔ ሥራ ከመግባቴ በፊት ላያቸው ጎራ ስል፣ እናቴን ፀጉሯን ተበጥራ፣ ቦርሳዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ መተላለፊያው ላይ አገኘኋት።

«ወጣሁ» አለች።

አባቴ ኮቱን ከመስቀያው አነሳ። «አብሬሽ—»

«አይሆንም።»

«እስከ ማዕዘኑ ብቻ።»

«ብቻዬን ነው» አለች፤ በቁጣ ግን አይደለም። «አንተ ጠብቀኝ።»

ዳገቱን ጀመረች። በእጇ አንዴ፣ በእግሯ አንዴ። ሁለት ጊዜ ቆማ ተነፈሰች። ሁለቴም አባቴ አንድ እርምጃ ተራምዶ ተመለሰ። ግንቡና ማዕድ ቤቱ መካከል ቦታው ሰፊ ነበር፤ ክርኗ ምንም አልነካውም። በሩን አልፋ መንገዱን ያዘች፤ በማዕዘኑ ታጠፈች። አባቴ ኮቱን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

ሥራ እንደሚረፍድብኝ አውቃለሁ፤ ጥዬው መሄድ ግን አቃተኝ። መተላለፊያውን ጠረገ። የጠረገውን መልሶ ጠረገ። ወጥቶ አየ፣ ገባ። ኮቱን ለበሰ፣ አወለቀ። «ስንት ደቂቃ ሆናት?» አለኝ፤ ነገርኩት። ወዲያው መልሶ ጠየቀኝ። ልከተላት ቢለኝ ምን እንደምለው አላውቅም ነበር። አላለኝም። በሩ ደፍ ላይ ተቀምጦ እጆቹን ጉልበቱ መሃል ጨብጦ ጠበቃት።

ሃምሳ ደቂቃ ያህል ቆይታ በማዕዘኑ ብቅ አለች። የበጠረችው ፀጉር ተበትኗል፣ ግንባሯ በላብ ርሷል፣ ገና ከሩቅ እያወራች ነው የምትመጣው። «ዳቦ ቤቱ እኮ ደረጃ አለው፤ ታውቁ ነበር? ሃያ ዓመት ስገዛ አንድ ቀን አላየሁትም! ውጭ ሆኜ ተጣራሁ። ልጅቷ ድምፄን ስትሰማ ሮጣ ወጥታ እቅፍ አደረገችኝ።» ጭኗ ላይ በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦ አለ።

አባቴ ተነሳና ዳቦውን በሁለት እጁ ተቀበላት። ከዚያ እንባው ዝርግፍ አለ። እናቴ ስትወድቅም፣ ሆስፒታል ሳለችም ሰው ፊት አላለቀሰም ነበር።

«ምን ሆንክ፣ አንተ ሰውዬ?»

«ትኩስ ነው» አለ። «አቃጠለኝ።»

«እንግዲህ ሳይቀዘቅዝ አደረስኩት ማለት ነው» አለችና፣ በአጠገቡ አልፋ ቁልቁል ወደ ቤቷ ወረደች።